ለኤጀታ የሚበራ ቀስት

ቸሩ እሑድ እሑድ ከሚስቱ ከአይዳ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ ዉድበሪ መንገድ መታጠፊያው ላይ ቀይ መብራት አንቆ ይይዘዋል። ለጎረቤቱ ለኤጀታ ግን ወደ ግራ የሚያሳልፈው የመብራቱ ቀስት ገና ሲደርስ አረንጓዴ ይበራለታል። አይዳ ይህን ማንሳት ትወዳለች፤ ቸሩን ቅናቱ ዳዊት ሲደግም እንኳ ይቆጠቁጠዋል።

“ከመስመሩ ርቀህ እየቆምክ እኮ ነው ወንድሜ” አለው ኤጀታ አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ እየሳቀ። “አስፋልቱ ስር ሽቦ አለ። ሽቦው መኪና መኖሩን ካላወቀ ቀስቱ አይበራም።”

በሳምንቱ ቸሩ አይዳን ከጎኑ አስቀምጦ መስመሩ ድረስ ተጠግቶ ቆመ። አንድ መዝሙር ደገመ፤ ሁለተኛም ደገመ። ቀስቱ ቀይ እንደሆነ ቀረ።

ከኋላ የኤጀታ መኪና መጣና፣ ቦታው ባዶ ይመስል፣ ልክ ቸሩ የቆመበት ላይ ቆመ። ምንም አልተጋጨም፤ ቸሩንም መኪናውንም እንደ አየር አለፋቸው። ቀስቱ አረንጓዴ ሆነ።

አይዳ ከተቀመጠችበት ሳትንቀሳቀስ፣ አሁን ከኤጀታ ጎን ሆና፣ ነጠላዋን አስተካከለች።

“ኤጀታዬ” አለች፣ “አንተን እኮ አያስጠብቅም።”