ከዳልቻ ጎን

«መርፌው ጥጃ ያስወርዳል» ይላል አያ ድረስ። ገበያ ላይ ይላል፣ ዕድር ላይ ይላል፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጦም ከመርፌው አይወርድም። ያስወረደች ላም ግን በዓይኑ አላየም።

ጎረቤቱ ታምነዋለች። ጡቷ ነጥፎባት ጨቅላዋን በአብሽ ውሃ ታታልላለች፤ ያላት ተስፋ እርጉዟ ላሟ ቦራ ወልዳ የምትሰጠው ወተት ብቻ ነው። ስለዚህ ከታቢዎቹ መጡ ሲባል ላሟን ደብቅልኝ ብላ እግሩ ላይ ወደቀች።

«ተነሽ የኔ ልጅ፤ ከበሬዬ ከዳልቻ ጎን እሰሪያት» አላት።

ቦራ ክትባቱ እስኪያልፍ ከበሬው ጋር አፍ ለአፍ ገጥማ ከአንድ ድርቆሽ ስትበላ ሰነበተች።

ቤቷ በተመለሰች በወሩ አንገቷን ዘርግታ ታቃስት ጀመር። ሴትዮዋ የእንስሳት ሐኪሟን በእጇ ጎትታ አመጣቻት።

«ያለሽን መርፌ ሁሉ ውጊያት።»

ሐኪሟ የላሟን ጎድን አዳምጣ ራሷን ነቀነቀች። «መርፌውማ ቀድሞ ነበር። ይሄ የሳንባ በሽታ ነው፤ በትንፋሽ ይጋባል። አስሎ የዳነ፣ የወፈረ ከብት እንኳ በውስጡ ይዞት ይኖራል። ከማን ጋር ነበረች?»

«ካሳለ ከብት ጋር አልዋለችም፤ በልጄ እምላለሁ።»

ቦራ ከነጥጃዋ ሞተች።

አያ ድረስ ዳልቻን እየነዳ ሲያልፍ ሊያጽናናት ቆመ። «አይዞሽ፣ እግዜር ይተካል። ያቺ ሐኪም የምትለውን ግን አትስሚ» አለና የበሬውን ታፋ መታ መታ አደረገ። «ይኸው ዳልቻን እዪው። አምና ክረምቱን ሙሉ ሲያስል ከርሞ፣ ያለ መርፌ በፌጦ ነው ያዳንኩት።»