የጎማው እብጠት

«ፈቀቅ በል፤ ጥላህ መጣብኝ» አለችው ፀደይ ወንድሟን፤ ስልኳን ወደ ጎማው እያስጠጋች።

ቦንሳ ጎማው ሥር ቁጢጥ ብሎ የአየር መለኪያውን ያያል። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ቦሎቄ ጭኖ ጅቡቲ የገባው ትናንት ነበር። «የፈነዳ ነገር ካላየሽ አርብ አርብ አይመስልሽም አይደል?» ሲል ሳቀባት።

እውነቱን ነው። ፀደይ እዚሁ ጅቡቲ የውጭ አገር ሰዎች ቤት ተቀጥራ እዚያው የምትኖር ናት፤ የምታርፈው አርብ ብቻ ነው። ያን ቀን ስልኳን ይዛ ትዞራለች። ሜኔሊክ አደባባይ ከጋሪ ወድቆ የተበተነ ሐብሐብ፣ ድንጋይ ያገኘው የታክሲ መስታወት፣ አስፋልት ላይ የተደፋ ቀለም፤ ከመሐል ወደ ዳር የተረጨ ነገር ካየች ፎቶ ሳታነሳ አታልፍም። በምትሠራበት ቤት የወደቀ ነገር ሁሉ ማንም ሳያየው ይጠረጋል፤ የምትጠርገውም እሷ ናት። እዚህ ግን ቆማ እስኪበቃት ታየዋለች።

ዛሬ የሳባት ጎማው ጎን ላይ ያለው ስንጥቅ ነው፤ ዙሪያውን ጨረር የዘረጋ ኮከብ ይመስላል።

ጎሚስታው ዘይድ ራቅ ብሎ ኮምፕሬሰሩ አጠገብ ቆሟል። የጅቡቲው ካርቲየ ሰባት ሰፈር ልጅ ነው፤ አማርኛውን የለቀመው ከሹፌሮች አፍ ነው። «ቦንሳ፣ ይሄ ጎማ አየር የለው፣ ከየት ነዳህ?»

«ከጋላፊ፣ ከድንበሩ ጀምሬ።»

«ኡፍ! ብዙ ነው።»

«ምን ላድርግ? ስኮርታ ጎማዬ መንገድ ላይ አለቀ። ንፋው ዝም ብለህ፤ ወደብ ተራዬ ደርሷል።»

ዘይድ ኮምፕሬሰሩን ከፈተ። ፀደይ አንድ ፎቶ አነሳች። ሁለተኛ አነሳች። ሁለቱን ስታስተያይ ከኮከቡ ጎን፣ ልሙጥ በነበረው ቦታ፣ እንቁላል የሚያህል ነገር ወጥቷል። ብርሃኑ ይሆናል ብላ ሦስተኛ አነሳች። አሁን ቡጢ አክሏል።

ጠቅ አለ። ክር የተበጠሰ ያህል ነው። ደግሞ ጠቅ፣ ጠቅ።

«ቦንሳ፣ ተነስ።»

«ቆይ፣ ትንሽ ቀርቶታል።»

«እያበጠ ነው! ተነስ አልኩህ እኮ!»

«ታዲያ ጎማ ሲነፋ ሊከሳ ኖሯል?»

ስልኳን ጣለችና ኮሌታውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ወደ ኋላ ጎተተችው። ሸሚዙ ተተረተረ። «ዘይድ፣ ዝጋው!» ብላ ጮኸች። ቦንሳ እየተሳደበ በቂጡ ተንፏቀቀላት፤ ተያይዘው ከመኪናው ጀርባ ወደቁ።

ፈነዳ።

ድምፁን የሰማችው በደረቷ ነው። አቧራው ሲገለጥ ቦንሳ አፉ ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉ ግን አይሰማትም። ቁጢጥ ብሎበት ከነበረው ቦታ ኋላ ያለው የቆርቆሮ አጥር ተበስቶ ጫፎቹ ወደ ውጭ ተቀልብሰዋል። ከአጥሩ ወዲያ የሰው ግቢ ነው።

ሦስቱም አዩት። የቦንሳን ከንፈር አነበበች፦ «ሰው... ሰው አለ?»

ዘይድ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቀረ።

በቀዳዳው ውስጥ የሴት ፊት ብቅ አለ። ትጮኻለች። የፀደይ ጆሮ ቀስ እያለ ሲከፈት ሶማልኛውን ለየችው። ሴትየዋ የምትጮኸው ስለ ልብሷ ነው፤ አሁን አጥባ ያሰጣችው ከነገመዱ አፈር ላይ ወድቆባታል።

ዘይድ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ፤ ሲስቅ ቆየና በሽርጡ ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።

ቦንሳ አጥሩን ዞሮ ወደ ግቢው ገባ። ፀደይ ተከተለችው። የሕፃን ካናቴራ ከአቧራው አነሳ፤ ሊያራግፈው ሲል ከእጁ አመለጠው። ደግሞ አነሳው፤ ደግሞ አመለጠው። ከዚያ ከሴትየዋ ሳፋ አጠገብ በርከክ አለና ካናቴራውን ነከረ። እጁን እስከ ክርኑ ውሃው ውስጥ ከቶ ያሸው ጀመር።

ሴትየዋ ጩኸቷን አቆመች። ጥቂት አየችውና ሳሙናውን አቀበለችው።