በጠርዙ ውስጥ

ዶኛ ኤርሲሊያ ምራታቸው ዩዴልካ ገላዋን ልትታጠብ እስክትገባ ጠብቀው የሕፃኑን መታቀፊያ ጭናቸው ላይ ዘረጉ። ዩዴልካ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰፋችው ነው፤ ስፌቱ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ልጁ አርባ ቀን ሞልቶት ዛሬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊወጣ ነው፤ የኢጉዌይ ከተማ ሰው ዓይን ሁሉ ሊያርፍበት ነው። ዩዴልካ ግን ጌታን ከተቀበለች ወዲህ፣ "እማማ፣ ለቡዳ ምናምን እያሉ ልጄ ላይ ቀይ ክር እንዳያስሩብኝ፤ ጠባቂው ጌታ ነው" ብላ ቁርጡን ነግራቸዋለች።

"ጌታዬ፣ አንተን እማ አምንሃለሁ፤ ያላመንኩት ጎረቤቶቼን ነው" አሉና ጠርዙን በመቀስ ጫፍ ተረተሩት። ቀይ ክራቸውን ሊሸጉጡ ጣታቸውን ሲሰዱ ሌላ ቀይ ክር አገኙ፤ በዚያው በሚንገዳገደው ስፌት ተይዟል።

"እማማ፣ ምን እየሠሩ ነው?" ዩዴልካ ፎጣዋን አገልድማ በሩ ላይ ቆማለች።

"ጠርዙ ላልቶ ነው ልጄ። እያጠበቅኩት ነው።"

ዩዴልካ የተተረተረውን ጠርዝ አየች፤ ሁለቱን ቀይ ክሮች አየች። ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

"እንግዲያው ጥብቅ ያድርጉት፤ ፓስተሩ ሊያቅፉት ነው" አለችና መርፌውን ራሷ አቀበለቻቸው።