ያልተበላው ቆርኪ

«ብላ እንጂ! ወይስ ጾም ነው?» አለ ካሳዬ፣ የዳማ ሰሌዳውን በጣቱ መታ መታ እያደረገ።

ኢሳያስ ቆርኪዋን በላ። ብድሩን በስድብ መመለስ ነበረበት፤ አፉ ግን አልታዘዝ አለው።

ሰሌዳውን ካሳዬ ራሱ ነው የሠራው። ዌስተን ሰፈር ከሚኖርበት ፎቅ ጀርባ ሰው የጣለውን የቁምሳጥን በር ቆርጦ፣ ጥቁር ጥቁሩን በጫማ ቀለም ቀብቶ። ከሥራ ሲገባ እጁ የሚነካካው ነገር ካላገኘ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ሠርቶ ለወዳጅ ያደለው ሰሌዳ ግማሹን የቶሮንቶ አበሻ ያጫውታል። ቅዳሜ ከሰዓት ግን የእሱና የኢሳያስ ነው። በረዶ ቢጥልም ባቡር ቢቆምም ኢሳያስ ከብሉር ሰፈር ይመጣል፤ ይሰዳደባሉ፤ ትን እስኪላቸው ይስቃሉ። ሳምንቱን ሙሉ እንደ ዕቃ ሲገፉ ከርመው፣ ሰው የሚሆኑት በዚህች ሰዓት ነበር።

ዛሬ ኢሳያስ የመጣው ለጨዋታ አይደለም። ትናንት ከደሴ ለዕድሩ ሽማግሌ ለአቶ በየነ ተደውሎ ነበር። የካሳዬ ታላቅ እህት ተናኜ ከገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ ወድቃ ሞታለች። ሽማግሌዎቹ ተማክረው መርዶው እሑድ ጎህ ሲቀድ ይነገረው አሉ። ሰሞኑን ሌሊት ሌሊት ፓርኪንግ ሲጠብቅ የከረመ ሰው ነው፤ አንድ ቀን ይረፍ፣ እህል ይቅመስ ብለው ነው። «አንተ አብረኸው ዋል» አሉት አቶ በየነ። «ስልክ እንዳያነሳ። ፊትህን ደግሞ አደራ።»

ስልኩስ አላስቸገረም። ካሳዬ ሻይ ሊያፈላ ሲነሳ ኢሳያስ ከሶፋው ጀርባ ገመዱን ነቅሎታል። መከራው የፊቱ ነገር ነው።

«ዳማ ማን እንዳስተማረኝ ታውቃለህ?» አለ ካሳዬ። «ተናኜ። ልትሸነፍ ስትል ምን ትለኛለች መሰለህ? ‹ካሳዬ፣ እማዬ ትጠራሃለች!› እኔም አቤት ብዬ እሮጣለሁ። ስመለስ ሁለት ቆርኪዬ የለም። አንድ ቀን ቢሆን እሺ። በየቀኑ! በየቀኑ እኮ ነው ስሮጥ የኖርኩት!»

ኢሳያስ ሳቀ። ከሆዱ ነው የሳቀው፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር። ወዲያው የማን ነገር እንዳሳቀው ትዝ አለውና ሳቁን አቋረጠ። እንዲህ በራሱ አፍሮ አያውቅም።

«ባለፈው ኮል ሳደርግላት ይሄን ሌብነትሽን ብላት፣ ‹ምስክር አምጣ› አትለኝም? ነገ ኦፍ ነኝ፤ ከቤተክርስቲያን መልስ እደውልላታለሁ።»

«ደውልላት» አለ ኢሳያስ።

ጨዋታው ቀጠለ። ድንገት ለኢሳያስ መንገዱ ወለል ብሎ ተከፈተለት፤ ንጉሡ በአንድ ዝላይ የካሳዬን ሦስት ቆርኪ መብላት ይችላል። ሌላ ቅዳሜ ቢሆን ብድግ ብሎ ያጨበጭብ ነበር፤ መስኮት ከፍቶ ለጎረቤት ያውጅ ነበር። ዛሬ ግን፣ ይሄን እንኳ ያሸንፍ፣ አለ በልቡ። ከዳር የነበረችውን ሌላ ቆርኪ ገፋ አደረጋት።

ካሳዬ ሊጫወት የዘረጋው እጁ አየር ላይ ቆመ።

«ሦስት እኮ ነበር የምትበላው።»

«አላየሁትማ።»

«አንተ? አንተ ሳታየው?» ካሳዬ ቀና ብሎ አየው። «ዛሬ አንድም ጊዜ አልሰደብከኝም፣ ኢሳያስ።»

ኢሳያስ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አሸሸ። ምነው ባላሸሸው። ካሳዬ ይህን ሥራ ያውቀዋል፤ የወዳጃቸው የሽፈራው አባት የሞቱ ጊዜ እሱ ራሱ ነበር ሽፈራውን ሲኒማ ሲያስገባ የዋለው፣ ፊቱን እንዲህ እየደበቀ።

«ነገ ጠዋት ነው የሚነግሩኝ?» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ኢሳያስ ዓይኑን ከመስኮቱ አልመለሰም።

«እማዬ ናት።» የካሳዬ እንባ ዱብ ዱብ አለ፤ አልጠረገውም። «አርጅታለች። ታማ ከርማለች። ስጠብቀው የኖርኩት ነው። ምንም እንዳትናገር! አደራ ተሰጥቶህ ነው የመጣኸው፤ ነገ እነሱ ይንገሩኝ። ዛሬን እናት ያለኝ ሰው ሆኜ ልዋል።»

ኢሳያስ «እናትህ አይደሉም» ቢለው፣ ከእናቱ ሌላ ለካሳዬ በዓለም ላይ የቀረችለት ተናኜ ብቻ ናት፤ ወዲያው ያውቀዋል።

«ደግነቱ ተናኜ አለች» አለ ካሳዬ፣ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ። «እማዬ ብቻዋን አልሞተችም። እጇን ይዛ ነው የሸኘቻት፤ አውቃታለሁ። እሷ ባትኖር እኔ ይሄን አልችለውም ነበር።»

 

ካሳዬ ያቺን ከዳር የተገፋች ቆርኪ ወደ ቦታዋ መለሳት።

«በል፣ በትክክል ተጫወት። ሦስቱንም ብላኝ። ደግሞ ስደበኝ።»

«ካሳዬ...»

«ስደበኝ አልኩህ እኮ!»

ኢሳያስ ንጉሡን አዘለለ። ሦስቱን ቆርኪዎች አንድ በአንድ አነሳ።

«አንተ ደንቆሮ» አለ፤ ድምፁ ተሰበረበት። «አሁን አንተን ብሎ ዳማ ተጫዋች? አንተ እንኳን ቆርኪ፣ ባዶ ፓርኪንግ መጠበቅ አትችልም!»

ካሳዬ እንባው ሳይደርቅ ሳቀ። ቆይቶም ሳቁ አልተወው፤ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሰሌዳውን በሁለት እጁ ይዞ ሳቀ።

«ይቺን» አለ፣ ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ «ይቺን ለተናኜ ነው የምነግራት።»