መተኛት በእንግሊዝኛ

ከሊፋ ሚስቱ እንግሊዝኛ መማር መጀመሯን ያወቀው በአጋጣሚ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብሎ ሲገባ አማል ማድቤት ቆማ ስታጉተመትም አገኛት። «ሂ ጎዝ ቱ ቤድ፣ ሂ ጎዝ ቱ ቤድ» ትላለች። ሽንኩርቱ እያረረ ነበር።

«ምንድነው እሱ?» አላት።

ደነገጠች። «ትምህርት ነው። እዚሁ ኮንዶሚኒየም ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስተምር አሌክስ የሚባል ልጅ አለ። ሱቅ ፈረንጅ ሲመጣ ይጠቅመኛል ብዬ ነው።»

አማል ጠመንጃ ያዥ ሰፈር መጋረጃ ቤት ነው የምትሠራው። ከሊፋ በዚያ ሱቅ በር ፈረንጅ ሲያልፍ እንኳ አይቶ አያውቅም። ሽንኩርቱን ከእሳት አወረደና ወጣ።

እሱ አብነት ሰፈር በርና መስኮት የሚበይድ ሰው ነው። በትዳር አሥራ አንድ ዓመት ኖረዋል፤ ጎረቤት የሰማው ጠብ የለም። ከረመዳን ወዲህ ግን ቤቱ ሌላ ሆነ። መጀመሪያ ልጃቸው ሀሚዳ አያቷ ዘንድ እንድታድር ተደረገ፤ ለትምህርት ቤት ይቀርባታል ተባለ። ቀጥሎ አማል ወደ ልጅቷ ክፍል ተዛወረች። «ታንኮራፋለህ» አለችው። በሩን ከውስጥ ትቆልፋለች። ቤት ውስጥ ሳይቀር አንገቷ ላይ ሻርፕ መጠምጠም አመጣች፤ ጉንፋን ነው አለች። ጉንፋኑ ወር አለፈው።

ከሊፋ ራሱም ደህና አልነበረም። ጠዋት ሲነሳ ብረት ሲሸከም ያደረ ይመስል ትከሻው ይዝላል። ክንዱ ላይ ጭረት አይጠፋም፤ ከቆርቆሮ ጋር የሚውል ሰው ቆዳ እንዲህ ነው ብሎ ይተወዋል።

«ሐኪም ይይህ» አለችው አንድ ቀን ቁርስ ላይ።

«እኔ ምን ሆኜ?»

«እንዲሁ፣ ደክሞሃል።»

«ያደከምሽኝስ አንቺ ነሽ» አላት። አማል ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሳች።

ቅዳሜ ከሰዓት ተከተላት። የአሌክስ ክፍል የሚቀጥለው ሕንፃ ምድር ቤት ነው፤ መስኮቱ ክፍት ነበር። ከሊፋ ከተሰጣ ብርድ ልብስ ኋላ ቆመ። ውስጥ ሌላ ተማሪ የለም።

«ተኛ ለማለት ‹ስሌፕት› ልበል?» የአማል ድምፅ ነው።

«የትኛውን ተኛ?» አለ አሌክስ። «አልጋ ላይ መውጣቱን ነው፣ እንቅልፍ መውሰዱን ነው ወይስ ተኝቶ መቆየቱን? ለእኛ ሁሉም ተኛ ነው። እነሱ ይለዩታል። አልጋ ላይ ሲወጣ ‹ጎ ቱ ቤድ›፣ እንቅልፍ ሲወስደው ደግሞ ‹ፎል አስሊፕ›።»

«እንቅልፉ ከባድ ነው ለማለትስ?»

«‹ሂዝ ስሊፕ ኢዝ ሄቪ› ብትዪ ይገባቸዋል፤ ግን እንደዚያ አያወሩም። ‹ሂ ኢዝ ኤ ሄቪ ስሊፐር› ነው የሚሉት።»

«የሚተኛው አራት ሰዓት ላይ ነው።»

«በነሱ አሥር በይው። ለማን ነው ግን እንዲህ ተጨንቀሽ የምትጽፊው?»

አማል ይህን እንዳልሰማች አለፈችው። «መንቃትና መነሳትስ ይለያያሉ?»

«አዎ። ‹ዌክ አፕ› መንቃት ነው፣ ‹ጌት አፕ› ከአልጋ መነሳት።»

«እሺ፣ እሱ ሳይነቃ...» ብላ ጀመረች። የሚኒባስ ጡሩንባ ቀሪውን ዋጠው።

ከሊፋ የጎደለውን ራሱ ሞላው። ሳይነቃ እወጣለሁ። ሳይነቃ እሄዳለሁ። ሰው ሳይነቃ ሌላም ብዙ ነገር ይደረግበታል። እንዴት ደረጃውን እንደወጣ ሳያውቀው ቤቱ ደረሰ።

ሰኞ ጠዋት አማል ልትታጠብ ስትገባ የእንግሊዝኛ ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣና ጃኬቱ ውስጥ ከቶ ወጣ።

ከብየዳ ቤቱ ጎን ጋሽ ዱጉማ መለዋወጫ ይሸጣሉ። በወጣትነታቸው ቱሪስት ሲያመላልሱ የኖሩ ሹፌር ናቸው፤ እንግሊዝኛቸው እስካሁን አልዛገም።

«ጋሽ ዱጉማ፣ እስቲ ይቺን ያንብቡልኝ።»

«የማን ናት?»

«የጎረቤቴ ሚስት የጻፈችው ነው። ባልየው ቸግሮት ሰጠኝ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉ። «ከላይ የፈረንጅ ስም አለ። የወንድ ነው። ‹ውድ› ብላ ነው የጀመረችው።»

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከሊፋን አንድ ቀን ውድ ብላው አታውቅም።

«ይቀጥሉ።»

«‹ባሌ በአሥር ሰዓት› ትላለች፤ በእኛ አራት መሆኑ ነው። ‹አልጋ ላይ ይወጣል። ወዲያው እንቅልፍ ይወስደዋል። እንቅልፉ ከባድ ነው፤ ብጠራውም አይሰማኝም።›» ጋሽ ዱጉማ ቀና አሉ። «እንግሊዝኛዋስ ቆንጆ ነው። ግን ይቺ ሴትዮ ባሏን ምን ልታደርገው ነው?»

«እኔም እሱን ማወቅ ነው የፈለግኩት።»

ከሊፋ በልቡ ሁሉን ጨርሷል፤ ዛሬውኑ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ይፈታታል፣ ሀሚዳንም ከአያቷ ቤት ያመጣል። ለአማል እናት የሚናገረውን ቃል እንኳ አዘጋጅቷል።

«መጨረሻውን ያንብቡልኝ» አለ።

ጋሽ ዱጉማ ገጹን ገለጡ። ከንፈራቸው መጀመሪያ ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ቀስ ብለው አነበቡ፦

«ዶክተር፣ ባሌ ደግ ሰው ነው፤ በእንቅልፍ ልቡ ግን ሊገድለኝ ይሞክራል፣ ሲነጋም አያስታውሰውም፤ እባክዎ ይህን እሱ እንዳይሰማ።»