ደጀ ሰላሙ ላይ

ደጃዝማቹ በንዴት ከበቅሎው ዘሎ ወረደ። ርስቴን አላስነጥቅም ብሎ አገሩን ያሳመፀበት ገበሬ ከእጁ አምልጦ ቤተ ክርስቲያን ገብቷል፤ ደወል ደውሎ ተማጥኗል።

"አባ፣ ያን ሽፍታ ያውጡልኝ" አለ።

አባ ወልደ ሐና ደጀ ሰላሙ ላይ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። "ደወል ደውሎ የተማጠነ ሰው አይነካም፣ ጌታዬ። መሣሪያ ይዞ ይህን ደጅ የሚያልፍ ውጉዝ ከመ አርዮስ ይሁን" አሉ።

ወታደሮቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንድም የተነቃነቀ የለም።

ይሄኔ የደጃዝማቹ ደም ፈላ። "ይህን ጉልላት ያሠራሁ እኔ፣ እናንተንም የማበላ እኔ! ደግሞ ብሎ ብሎ ቄስ ሊያዝብኝ ነው? ወዲያ በሉ፣ ራሴ ጎትቼ አወጣዋለሁ" ብሎ ሽጉጡን መዝዞ ወደ በሩ ገሰገሰ። አባ ዘወር አሉለት።

ከደፉ ሲደርስ እናቱ በልጅነቱ እንዳስለመደችው ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። ክሩ ጠብቆ እምቢ ቢለው፣ በሁለት እጁ ሊፈታው ሽጉጡን መሬት አስቀመጠ። እየፈታም መሳደቡን አላቋረጠም።

ቀና ሲል፣ የሚያወልቁት ጫማ የሌላቸው ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን ከሽጉጡ ጎን እየደረደሩ ነበር።