የማይገጥመው ካሜራ

ፒያሳ፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ባለሱቁ ሁለት አሮጌ የፊልም ካሜራዎች ጎን ለጎን አስቀመጠላት። ጥቁር የለበሰችው ሴትዮ አገላብጣ አየቻቸው። ቁርጥ አንድ ናቸው።

«የመቃብር ሐውልት ፎቶ ላነሳበት ነው። የትኛው ይሻላል?»

«ይሄኛው፣ እናቴ። እስቲ በሱ መስታወቱን ይዩ።»

ካሜራውን ዓይኗ ላይ አድርጋ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው መስታወት ዞረች። መሃሉ ላይ ፊቷ ሁለት ሆኖ ታያት፤ አንደኛው ጥርት ያለ፣ ሌላው ደብዘዝ ያለ።

«አሁን ቀለበቱን ቀስ ብለው ያዙሩት። ሁለቱ ምስሎች ሲገጥሙ ፎቶው ጥርት ብሎ ይወጣል።»

አዞረችው። ደብዛዛዋ ፊት ቀስ እያለች መጥታ ጥርት ካለችው ውስጥ ገባችና ጠፋች።

«የት ሄደች?» አለች ደንግጣ።

ባለሱቁ ሳቀ። «ገጠመች ማለት ነዋ!»

«ያኛውስ?»

«እሱ ወድቆ ተበላሽቷል። ቢያዞሩት ቢያዞሩት አይገጥምም። ለመለዋወጫ ነው ያስቀመጥኩት።»

ሁለተኛውን አነሳች። ቀለበቱን እስከ መጨረሻው አዞረችው፤ መለሰችው። ሁለቱም ፊቶች አሉ። በአንድ እጇ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች። ደብዛዛዋም ሳብ አደረገች። ሴትዮዋ ከመስታወቱ ፊት አልነቃነቅ አለች።

«ይሄን ስጠኝ።»

«እናቴ፣ ነገርኩዎት እኮ! ይሄ ሰውን ሁለት አድርጎ ነው የሚያሳየው።»

ካሜራውን ከዓይኗ ላይ አላወረደችም።

«ስንወለድ ሁለት ነበርን፣ ልጄ» አለችው። «አንድ ከሆንኩ ገና አርባ ቀኔ ነው።»